ለሰማንያ ቀን ሴት የነበረው ልጅ

ስለ እናቶቻችን ስለ ሣራ፣ ስለ ርብቃ፣ ስለ ራሔልና ስለ ልያ ስብከት በሰማሁ ቁጥር አፌን ይበላኛል። ሰባኪያችን ወጣት ነው፤ አንደበቱም ጣፋጭ ነው። ሣራ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፣ ርብቃ ለመንገደኛው ግመሎች ሳይቀር ውሃ ቀዳች፣ ራሔል ርኅሩኅ፣ ልያ ታጋሽ፤ የዛሬ ዘመን ሴቶችም ከእነሱ ተማሩ ይለናል። እንማር፣ ማን ጠላ። ግን አራቱም እንደዋሹ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ለምን እንደዋሹማ ጭራሽ አያነሳውም። እኔ ይህን የተማርሁት ከማሬ ነው። የተማርሁበትም ቦታ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ የነበረው የስደተኞች ሰፈር ነው፤ ዘመኑም ደርግ አገር የሚገዛበት፣ ሰባ ስድስት አልቆ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የገባበት ጊዜ ነው።

ማሬ የወንድሜ የእንግዳው አማት ናት። ደምቢያ ውስጥ በአንድ መንደር አጥር ለአጥር ነው የኖርነው። ሸክላ ሠሪ ነበረች። እጇ ወርቅ ነው፤ ለንግድ ግን አልተፈጠረችም፤ ውሸት አይሆንላትም። ገዢ መጥቶ አንዱን ጀበና ሲያነሳ፣ «እሱን ተወው ወንድሜ፣ ጆሮው ላይ ስንጥቅ አለበት» ብላ ከእጁ ትቀማዋለች። ከእሳት የወጣውን ዕቃ ሁሉ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርግና ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ድምፁ ካልጠራላት ገበያ አይወጣም። ባሏ አያ ደመቀ «ይቺ ሴት ገበያ የምትወጣው ልትሸጥ ነው ወይስ ልትመሰክር?» እያለ ሲያላግጥባት ኖረ።

ማሬ በዚያን ጊዜ ሣራን አትወድም ነበር። ቄሳችን የሣራን ታሪክ ሲነግሩን፣ በስተርጅናሽ ትወልጃለሽ በተባለች ጊዜ ከድንኳኑ ጀርባ ሆና መሳቋን፣ ለምን ሳቅሽ ስትባል ደግሞ አልሳቅሁም ብላ መካዷን ሲያወሩ፣ ማሬ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ ሙግት ትገጥማለች። እግዜር ፊት ቆሞ መዋሸት ምን የሚሉት ድፍረት ነው ትላለች። ቄሱ ፈርታ እኮ ነው ይሏታል። ማሬም ትወልጃለሽ እንጂ ትሞቻለሽ አልተባለች፣ ምን ያስፈራታል ብላ ትመልሳለች። ቄሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ሲደርስብሽ ታውቂዋለሽ ይሏት ነበር። እኛም እንስቅ ነበር።

ደረሰባት። በሰባ ስድስት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እኛ ቤተ እስራኤል የአባቶቻችን አገር ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለን፣ ሌላው ደግሞ ረሃቡንና ጦርነቱን ሸሽቶ፣ ሁላችንም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወረድን። አያ ደመቀ ገላባት ሳንደርስ በንዳድ አረፈ። አንድ ዛፍ ሥር ቀበርነው። ማሬ፣ እርጉዟ ልጇ ያለምወርቅ፣ ባሏ እንግዳውና እኔ የእንግዳው እህት ቱርካ፣ አራት ሆነን ሰፈሩ ገባን። አንዲት የሣር ጎጆ ሰጡን።

ሰፈሩ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረን፤ ማንም ቢጠይቅ ክርስቲያን ነን እንላለን። የእኛ ሰዎች በስውር በሎሪ እየተጫኑ ይጠፋሉ የሚል ወሬ ተሰራጭቶ ስለነበር፣ ፈላሻ የት አለ እያለ የሚያነፈንፈው ብዙ ነው። ከእኛ ቀድመው የገቡ አንድ ቤተሰብ ታወቀባቸው። ወንዶቹን ወታደሮች ወሰዷቸው፤ ሲመለሱ በሰው ሸክም ነበር። ጎጇቸውንም ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው አቃጠለው። በእኛ ረድፍ የምንፈራው አንዳርጋቸው የሚባለውን ነበር። እሱም እንደኛው ስደተኛ ነው፤ ግን እህልና ዘይት ሲታደል የሚያሰልፈው እሱ ስለሆነ፣ ከወታደሮቹም ጋር ሻይ ስለሚጠጣ፣ ዓይኑ ሁሉ ቤት ይገባል።

ማሬን ክርስቲያን ነኝ በይ ብሎ ማስተማር አበሳ ሆነብን። እሺ ትላለች፤ ሰው ሲጠይቃት ግን ቃሉ አይወጣላትም። በመጨረሻ ዘዴ አገኘች፤ ሃይማኖቷን የጠየቃት ሁሉ ፊት ሳል ይይዛታል። ትስላለች፣ ትስላለች፣ ጠያቂው አዝኖላት ይሄዳል። ሰፈሩ ሁሉ ሳምባዋን ታማለች ብሎ ደመደመ።

ከባዱ ቅዳሜ ነበር። አገራችን ቢሆን ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ በቤት እሳት የሚባል አይኖርም። እዚህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጭስ የማይወጣበት ጎጆ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ማሬ ዓርብ በጊዜ ኩበት ትለኩስና ትተወዋለች፤ ቅዳሜን ሙሉ ሲጤስ ይውላል። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። «እኔ አልዋሸሁም፤ የዋሸው ጭሱ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፤ ዓይኗ ግን በጭሱ ብቻ አልነበረም የቀላው። ከሌላ ሰው ጋር ስንነካካ መታጠብ ደንባችን ነው፤ እሱንም ሰው እንዳያይ ጎጆ ውስጥ ተደብቀን በጣሳ ውሃ እንጨርሰው ነበር። ሸክላውማ ጭራሽ የተከለከለ ሆነ። ጎንደር ምድር ማሰሮ የማን እጅ እንደሚሠራው የማያውቅ የለም፤ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት የሚለውም ብዙ ነው። የገዳሪፍ አፈር ደግሞ ጥቁር፣ የሚለጠፍ፣ ዝናብ ሲነካው ጫማ ከእግር የሚያወልቅ ነው። ማሬ ከእግሯ ስትፍቀው በጣቶቿ መካከል ትንሽ ታሸውና፣ ሰው እንዳያያት በቶሎ ትጥለዋለች።

ጎረቤታችን ወለተ ማርያም ትባላለች። ግድግዳ ለግድግዳ ነን፤ እሷ ስታስነጥስ እኛ ይማርሽ እንላለን። ባሏ ጋረደው በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ተቀጥሮ የሚሠራ ነው፤ ወር ሁለት ወር ይጠፋል። የዚያን ዓመት ሴት ልጅ ወልዳ ሳትድህ ቀብራታለች። ድምፅዋ ትልቅ ነው፤ ምሥጢር ስታወራ እንኳ ሦስተኛው ጎጆ ይሰማል። ደግ ነበረች፤ እኛ ግን ደግነቷን ፈራነው፤ ደግ ሰው ቤት ይገባልና።

አንድ ቀን ሱዳኖች ዚር የሚሉትን የውሃ ጋን ገዝታ መጣች። ማሬ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ምን እንደያዛት አላውቅም፣ እጇን ዘርግታ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገችው፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣ ከዚያ፣ «ይሄ ስንጥቅ አለው፣ ያለቅሳል፤ መልሺው» አለቻት። ወለተ ማርያም መጀመሪያ የማሬን ጣት፣ ቀጥላ ፊቷን አየች። ዚሩን ተሸክማ ወደ ሱቅ ተመለሰች። እኔ ማሬን ክንዷን ቆነጠጥኋት።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ ዝናብ ሲያወርድ ባረፈደበት ቀን፣ ያለምወርቅ ወለደች። ጎጆዋን በምንጣፍ ከፍለን የአራስ ቦታ አበጅተንላት ነበር። አዋላጅዋ ማሬ ናት፤ ወለተ ማርያም ሰምታ እስክትሮጥ ልጁ ወጥቶ አበቃ። ወንድ ነው። እኔ ደስታው አቅሌን አሳተኝና እልልታውን አቀለጥሁት። ማሬ በእርጥብ እጇ አፌን ከደነችው። የእኛ የእልልታ ቁጥር ከክርስቲያኖቹ ይለያል፤ ለወንድ የምናደርሰውን ጆሮ ያለው ሰው ቢቆጥረው ማንነታችን ተነገረ ማለት ነው። እልልታዬ መሐል ላይ ተቆረጠ።

ወዲያው የወለተ ማርያም ድምፅ በሣሩ ግድግዳ መጣ። እንኳን ማርያም ማረቻት አለች፤ ቀጥላም፣ እልልታው አጭር ነውና ሴት ናት አይደል ብላ ጠየቀች።

ማሬ ሕፃኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የምታስበው ምን እንደሆነ ከፊቷ ላይ አነበብሁት። በክርስቲያን ደንብ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። አርባ ቀን ሞልቶ ልጁ ካልተጠመቀ ሰው ለምን ይላል፤ ከተጠመቀ ደግሞ ከእኛ ወጣ ማለት ነው፤ ለማሬ ያ ከሞት አይሻልም። እንግዳው ገዳሪፍ ከተማ የእህል መጋዘን ውስጥ እየተሸከመ፣ ጉዞውን በስውር ከሚያሰናዱት ልጆቻችን ወሬ ይጠብቃል፤ ከሁለት ወር በፊት ተራችን አይደርስም ብሎናል። አርባ ቀን አይበቃም።

ሳሉን ጠበቅሁ። አልመጣም።

«አዎ፣ ሴት ናት» አለች ማሬ።

ወዲያ ማዶ ወለተ ማርያም ደስታዋን አልቻለችውም። ወንድ ቢሆን የክርስትና አባት ነበር የሚፈለግለት፤ ሴት ከሆነች ግን የክርስትና እናት ነው የምትነሳላት። እንግዲያ ልጄ ናት፣ ሌላ ሰው እንዳትለምኑብኝ፣ እኔ ነኝ የማነሳት አለች። አርባ ቀን አገኘን ብለን ሳንጨርስ የክርስትና እናት ገዛን። ማሬ ቁጭ አለች፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ ሕፃኑን ተቀበልኋት። «ርብቃ ያዕቆብን የፍየል ቆዳ ስታለብሰው እጇ እንዲህ ሆኖ ይሆን?» አለችኝ ቀስ ብላ። እኔ ምን አውቄ።

ስሙን ታምሬ አለችው። ታምሬ ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ ቢያንስ ስሙ ውሸት አይሁን ብላ ነው። በስምንተኛው ቀን ከእኛ የሆኑ አንድ ሽማግሌ አራስ ጠያቂ መስለው መጥተው ገረዙት። ጩኸቱ ሰፈሩን ሲያናውጠው ወለተ ማርያም ሆዷን ነው ወይ አለች። ሆዷን ነው አልናት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። በእኛ ቋንቋ ሰው ሳይጠራ አይነገርም፤ በላ ወይም በላች፣ ተኛ ወይም ተኛች ማለት ግድ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ምላሴን እንደነከስሁ። አንድ ጠዋት ውሃ ወረፋ ላይ፣ በሰው መሐል፣ ታምሬ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ አልሁ። አለቀልን። ግን ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ብሎ ማቆላመጥ የአገራችን ልማድ አይደል? ሴቶቹ ሕፃኗን ስላቆላመጥኋት ፈገግ አሉ። ያን ቀን አማርኛን የፈጠረውን መረቅሁ።

ያለምወርቅ ግን ከፋት። ሴት የወለደች አራስ ሰማንያ ቀን ነውና የምትቀመጠው፣ እሷም ለውሸቱ ስትል በዚያ ሙቀት ከምንጣፉ ጀርባ ሌላ አርባ ቀን ልትቀመጥ ሆነ። ሰው ሊጠይቃት በገባ ቁጥር ልጁን ከኋላዋ አድርጋ፣ ሕመም አለብኝ፣ መነሳት አልችልም ትላለች። ማሬ ይህን ስታይ፣ ራሔልም እኮ ከግመሉ ኮርቻ ላይ አልነሳም ያለችው በሴት ልማድ ላይ ነኝ ብላ ነው፣ ከሥሯ የደበቀችው የአባቷ ጣዖት ነበራትና አለቻት። ያለምወርቅ ተቆጣች።

«ራሔል የደበቀችው ዕቃ ነው። እኔ የደበቅሁት ልጄን ነው። የወለድሁትን ልጅ ስሙን እንኳ እንደ ወንድ ልጠራው አልቻልሁም።»

ማሬ ውጭ ወጥታ ስትስል ሰማናት፤ የጠየቃት ግን ማንም የለም።

ወለተ ማርያም ደግሞ ጉዳዩን አልለቅ አለች። በተለይ በሰው ፊት። ውሃ ወረፋ ላይ፣ እህል ስንቀበል፣ አንዳርጋቸው በቆመበት ቦታ ሁሉ፣ በዚያ ትልቅ ድምፅዋ፣ የልጄ ክርስትና ደረሰ፣ ቄሱን ነግሬያለሁ፣ ነጠላ ገዝቻለሁ እያለች ታውጃለች። ጎጇችን ስትገባ ግን ስለ ሌላ ነገር ታወራለች። ማሬ በዚህ ተቃጠለች። ይቺ ሴት ምን አደረግናት፣ ለምን በአደባባይ ታጣብቀናለች ትለኛለች። እኔም ረገምኋት።

አርባው ቀን በሰላም አለፈ። ስድሳውም አለፈ። ማሬ እህል አልወርድላት አለ፤ ከሰውነቷ ዓይንና ጣት ብቻ ቀሩ። ለመጨረሻ ጊዜ ስለ እናቶቻችን ያወራችኝ በዚያን ሰሞን፣ ምስር እየለቀምን ነው። «ልያን አስቢያት» አለችኝ። «ፊቷን በዓይነ ርግብ ሸፍነው በእህቷ ፋንታ ሲድሯት፣ ሲነጋ ምን እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ሲነጋ እንደሚታወቅባት እያወቀች ተቀመጠች። እኔም እንደሷ መንጋቱን ነው የምጠብቀው።»

ሰማንያው ሊሞላ ሲቃረብ እንግዳው ከገዳሪፍ መጣ። ተራችን ደርሷል አለ፤ እሑድ አመሻሹ ላይ ከሰሊጡ ማሳ ማዶ፣ መንገዱ ዳር፣ ሎሪ ይጠብቀናል። ይህን ነግሮን በዚያው ተመለሰ፤ እኛን የሚቀበለን ከሎሪው ዘንድ ነው። እሑድ ማለት ሰማንያው የሚሞላበት፣ ወለተ ማርያም የክርስትናውን ቄስ ከገዳሪፍ የቀጠረችበት ቀን ነው። ክርስትናው ጠዋት፣ ሎሪው ማታ። ቀድመን ብንጠፋ ሌሎች ወገኖቻችንም ይጋለጣሉ። ማሬ ልጅቷ ታማለች ብላ ልታዘገየው ቆረጠች። ያንን ውሸት ስትለማመደው አደረች።

እሑድ ጠዋት ማሬ ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች ወለተ ማርያም ገባች። አላንኳኳችም፤ ምንጣፉን ገልጣ በቀጥታ ወደ ውስጥ። በክንዷ አዲስ ነጠላ ይዛለች። ልጄን ራሴ አጥቤ አለብሳታለሁ አለች፤ ያለምወርቅ እጇን ሳትዘረጋ ሕፃኑን ከጭኗ ላይ አነሳችው። እኔ ምጣዱ ዘንድ ነበርሁ፤ አልደረስሁባትም። ወለተ ማርያም ጨርቁን ፈታችው። ታምሬም፣ ብርዱ ሲነካው፣ ሽንቱን ወደ ላይ ለቀቀው፤ አዲሱ ነጠላዋ ላይ።

ወለተ ማርያም ልጁን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጨርቁን መልሳ ጠቀለለችለት፣ ለእናቱ አስታቀፈቻት፣ ወጥታ ሄደች። ወደ ትልቁ መንገድ ነው የሄደችው፤ በአንዳርጋቸው ጎጆ በኩል።

ማሬ ስትመጣ ነገርኋት። እንስራውን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቆመች። እንሩጥ አልኋት። የት አለችኝ። እውነትም የት? ሜዳ ነው፤ ሰው ከሩቅ ይታያል። ያለምወርቅ ልጇን ጡቷ ላይ ለጠፈችው። ማሬ በበሩ ትይዩ ተቀመጠች። ያ ጠዋት በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የረዘመ ነው።

መጡ። አንዳርጋቸው ከፊት፣ ሁለት ወታደሮች ከኋላ። ወለተ ማርያም የለችም። አንዳርጋቸው በር ላይ ቆሞ፣ ዛሬ የልጃችሁ ክርስትና ነው ሲባል ነበር፣ ቄሱን ብጠብቅ ብጠብቅ አላየሁም፣ ለነገሩ ቅዳሜ እሳት ስትነኩም አይቼ አላውቅም አለ። ማሬን ምንድን ናችሁ ብሎ ጠየቃት። ማሬ አፏን ከፈተች። ያ የለመድነው ሳል እንኳ ጥሏት ጠፋ።

ያኔ ነው ያ ትልቅ ድምፅ ከኋላቸው የመጣው። ወለተ ማርያም እየተጣደፈች መጥታ በወታደሮቹ መሐል ሰንጥቃ ገባች። አንተ ተኝተህ ቄሱን ከየት ታየዋለህ አለችው አንዳርጋቸውን። ልጅቷ ሌሊቱን ልትሞትብን ነበር፤ ቄሱ ገና ሳይነጋጋ መጥተው በእኔ ቤት አጠመቋት፣ አሁን ወደ ገዳሪፍ ሸኝቻቸው መመለሴ ነው አለች። አንዳርጋቸው አላመናትም፤ ነገር በዓይኑ ይዞ ያያታል። ማተቧስ የት አለ አላት።

ወለተ ማርያም እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። የራሷን ማተብ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያልተለያትን፣ ፈታችና ታምሬ አንገት ላይ አሰረችው። ቀና ብላም ሁላችንም እየሰማን ተናገረች።

«የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። ማርያምን!»

የገዛ ስሟ የተጠራባትን ማርያምን ምላ የሰጠችውን ቃል ማን ውሸት ነው ይላታል? አንዳርጋቸው ነገ ገዳሪፍ እወርዳለሁ፣ ቄሱን እጠይቃለሁ አለ። ጠይቅ አለችው። ወታደሮቹን ይዞ ሄደ።

ሲርቁ ወለተ ማርያም መሬት ላይ ዘጭ አለች። ማልቀስ ጀመረች፤ በዚያ ድምፅዋ ሳይሆን፣ አፏን በነጠላዋ አፍና። በማርያም ስም በሐሰት ምዬ አላውቅም፣ አንድ ቀን አላውቅም ትላለች። ጠዋት ከእኛ እንደወጣች ቄሱን መንገድ ላይ ጠብቃ፣ ልጅቷ በጠና ታማለችና ለሳምንት ይሁንልን ብላ እንደመለሰቻቸው ያኔ ነገረችን። ማሬ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች።

«እኛን ከመቼ ጀምሮ አወቅሽን?» አለቻት።

«ዚሩን ያንኳኳሽ ቀን ነዋ፣ እትዬ ማሬ። እኔም እኮ የደምቢያ ልጅ ነኝ። እናቴ ማሰሮ ስትገዛ እንዲያ እያንኳኩ ነበር የሚሸጡላት።»

«እያወቅሽ ለምን ክርስትና ክርስትና እያልሽ በሰው ፊት ገደልሽን?»

«ሰው እንዲሰማ ነዋ። አንዳርጋቸው እንዲሰማ። ክርስትና የሚደገስለትን ልጅ ማን ይጠረጥራል ብዬ። ቀኑ ሲደርስ ለዛሬ ሳልጠራው ልተወው ነበር፤ ቄሱ ግን ወሬውን ሰምተው ራሳቸው ደስ ብሏቸው ቀጠሩት። ወንድ መሆኑን ግን፣ በልጄ ነፍስ፣ አላወቅሁም ነበር።»

በመጨረሻው ላይ ሁላችንም ሳቅ አመለጠን፤ ከለቅሶው ጋር ተቀላቅሎ የወጣ፣ የማያምር ሳቅ። ማሬ ግን ቶሎ አቆመች። ነገ አንዳርጋቸው ገዳሪፍ ይወርዳል፤ ቄሱን ይጠይቃል። ተነሺ፣ አመሻሽ ላይ አብረሽን ውጪ አለቻት። ወለተ ማርያም ራሷን ነቀነቀች። ጋረደው ማሽላ አጨዳ ላይ ነው፣ ሲመለስ ባዶ ጎጆ ይጠብቀው ወይ፣ ደግሞስ እኔ እናንተ አገር ምን ልሁን አለች። ማሬ ማተቡን ልትመልስላት እጇን ወደ ልጁ አንገት ሰደደች። ወለተ ማርያም ያዘቻት። «ተይው፣ ሌላ ክር አስሬ እውላለሁ። ከዚህ እስክትወጡ አንገቱ ላይ ይሁን» አለቻት። እንደተያያዙ ብዙ ቆዩ። የዚያን ቀን ማሬ አልታጠበችም።

አመሻሹ ላይ እንጨት ለቀማ የምንሄድ መስለን ወጣን። ሎሪው ነበረ፤ እንግዳውም ነበረ። ወጥተን ስንደራረብ ታምሬ አለቀሰ። ማሬ ሰው ሁሉ እየሰማ «ዝም በል አንተ ልጅ» አለችው፤ ያለምወርቅ ይህን ስትሰማ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

ማሬ ማተቡን ከልጁ አንገት የፈታችው ከሱዳን ከወጣን በኋላ ነው። የት እንዳስቀመጠችው እኔ አውቃለሁ፤ አልናገርም። ታምሬ ዛሬ እዚህ፣ በአባቶቻችን አገር፣ የሴቶች ልጆች አባት ነው። ዓርብ ማታ ልጆቹ በዕድሜ ተራ ለቅድመ አያታቸው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጉላታል፤ እሷም እጇን ጫን አድርጋ፣ እንደ ሣራ፣ እንደ ርብቃ፣ እንደ ራሔል፣ እንደ ልያ፣ እንደ ወለተ ማርያም ያድርግሽ እያለች ትመርቃቸዋለች። አንድ ዓርብ ያ ወጣት ሰባኪያችን እንግዳ ሆኖ ተገኘ። እናታችን፣ አራት ናቸው እኮ እናቶቻችን፣ አምስተኛዋ ማን ናት አላት በትሕትና።

ማሬን ሳል ያዛት። ሳለች፣ ሳለች፣ እሱም አዝኖላት ውሃ አመጣላት።

ሰባኪው ሲሄድ ወደ እኔ ዞረች። የምትለውን አውቀዋለሁ፤ ሳትጠይቀኝ ያደረችበት ዓርብ የለም።

«ቱርካ፣ ያ አንዳርጋቸው ከገዳሪፍ ሲመለስ ምን ብላ መለሰችለት ይሆን?»